የኮምቢዬ ቀይ መብራትና የ21 ዋት አምፖል

ባለፈው ጥር፣ በአሮጌዋ የቮልስዋገን ሚኒባሳችን፣ በኮምቢያችን፣ ከሻሸመኔ ወደ ሐዋሳ ስንመለስ፣ ጥቁር ውሃ ከመድረሳችን በፊት መሸብንና የፊት መብራት አበራሁ። በዚያው ቅጽበት የዳሽቦርዱ ቀይ የዲናሞ መብራትም አብራ በራች፤ ግን እንደ ወትሮዋ ቦግ ብላ ሳይሆን፣ አመድ እንደ ለበሰ ፍም ፈዘዝ ብላ ነበር። የፊት መብራቱን ሳጠፋ እሷም ጠፋች፤ መልሼ ሳበራ ተመልሳ መጣች። መኪናዋን ወደ መንገዱ ዳር አውጥቼ ሞተሩን አጠፋሁ። ከኋላ አልጋው ላይ የተኙት ልጆች አልነቁም፤ ባለቤቴ ግን «አሁን ደግሞ ምን ሆነች?» አለችኝ፣ «ደግሞ» የምትለዋን ቃል ጠበቅ አድርጋ።

ያቆምኩበት ምክንያት ነበረኝ። በአየር የሚቀዘቅዝ የቮልስ ሞተር ላይ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞና የማቀዝቀዣው ፋን የሚዞሩት በአንድ ዘንግና በአንድ ቺንጋ ነው። ራዲያተር የለም፤ ውሃም የለም። ቺንጋው ከተበጠሰ ዲናሞው ይቆምና ቀይዋ መብራት ትበራለች፤ ፋኑም አብሮ ስለሚቆም ሞተሩ በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ራሱን ያቃጥላል። በሌላ መኪና ላይ «ባትሪው እየሞላ አይደለም» የምትለው መብራት እዚህ «ሞተርህ ሊሞት ነው» ማለቷ ሊሆን ስለሚችል፣ የኮምቢ ባለቤት ቀይ ካየ መጀመሪያ መቆም፣ ከዚያ ማሰብ አለበት። የኋላውን ክዳን ከፍቼ በስልኬ ብርሃን አየሁ። ቺንጋው በቦታው ነበር፤ በአውራ ጣቴ ስጫነውም ከልክ በላይ አልረገበም። ስለዚህ ፋኑ ይዞራል፣ ሞተሩም ይቀዘቅዛል ማለት ነው። የተቀረው የኤሌክትሪክ ጉዳይ ስለሆነ ቀስ ብለን ቤታችን ገባን።

መኪናዋ በፈረንጆች 1971 ሞዴል የሆነች ኮምቢ ናት። ቮልስዋገን ያኔ የአዲስ ዓመት ሞዴሉን የሚጀምረው በነሐሴ ስለነበር፣ በእኛ አቆጣጠር የ1963 ዓ.ም. መኪና ናት ብል ብዙም አልሳሳትም። የኮምቢ ኤሌክትሪክ ከ6 ቮልት ወደ 12 ቮልት የተሸጋገረው ለ1967 ሞዴል ስለሆነ እኔ ከ12 ቮልቱ ወገን ነኝ፤ ይህም ማለት አምፖልና ሪሌ (በትንሽ ጅረት ትልቁን ጅረት የሚያበራ ማብሪያ) ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ሳያስፈልገኝ ለባጃጅና ለሚኒባስ ዕቃ ከሚሸጡት ሱቆች አገኛለሁ ማለት ነው። ከሹፌሩ ወንበር ኋላ ያለው ክፍል ለመኝታ የተሠራ ነው፦ ወደ አልጋ የሚዘረጋ ወንበር፣ ተጣጣፊ ጠረጴዛ፣ በትንሽ ፓምፕ የሚሠራ መታጠቢያ፣ አንድ ጠባብ ቁም ሳጥን፣ ሁለት የጣሪያ መብራቶች፣ እነዚህን የሚያሠራ ሁለተኛ ባትሪም አለው። ላንጋኖ ዳር አድረንባታል፤ ወንዶ ገነትም ወስዳናለች።

በዚያ ወር መኪናዋ አራት ጣጣ ነበረባት። ቀይዋ መብራት አንዷ ናት። ሁለተኛው፣ ሞተሩ ሲሞቅ ካጠፋሁት የሚያስነሣው ሞተሪኖ «ቀጭ» ይልና ዝም ይላል፤ ግማሽ ሰዓት አርፎ ሲቀዘቅዝ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይነሣል። ሦስተኛው፣ ለአንድ ሳምንት ካቆምኳት ባትሪው ባዶ ሆኖ ይጠብቀኛል። አራተኛውን ከሁሉ ያነሰ አድርጌ ቆጥሬው ነበር፦ ፍሬን ስይዝ የቀኙ የፍሬን መብራት ደብዝዞ ይበራና፣ የፓርኪንግ መብራቶቹ ማንም ሳያበራቸው ትንሽ ይጭራሉ።

ስሙን የማልጠራው አንድ ጋራዥ እነዚህን ሁሉ በአንድ ፍርድ ዘጋቸው፦ «ባትሪ»። አዲስ ባትሪ ገባ፤ ለሦስት ሳምንት ሰላም ሆነ። ቀጥሎ «ሬጉላተር» ተባለ፣ የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረው፤ እሱም ተቀየረ። ሦስተኛው ፍርድ «ዲናሞ» ሲሆን ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ። አዲስና ሙሉ ባትሪ ለማንኛውም የኤሌክትሪክ ብልሽት የሚያስታግስ ክኒን ነው። በሚያፈስ መስመርም፣ በዛገ መገናኛም ለተወሰነ ጊዜ ገፍቶ ያልፋል፤ ባለቤቱም ዳነች ብሎ ይከፍላል። ዕቃ እየቀየሩ መፈለግ አንዳንዴ ያገኛል፤ ነገር ግን የሚፈልገው በሰው ኪስ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ የራሴንም ጥፋት መናገር አለብኝ። እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። የኦምን ሕግ በሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩ ቁጥሩን አላውቀውም። ዲጂታል መልቲሜትርም አለኝ። ከጋራዡ እንደ ወጣሁ በኩራት የጀመርኩት ከቀላሉ፣ ማለትም ከኋላው የቀኝ መብራት ነበር። ሽፋኑን ፈታሁ፤ አምፖሉን አወጣሁ፤ አንድ ሰው ፍሬን እንዲረግጥልኝ አድርጌ የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ በፍሬኑ ሽቦ፣ ሌላውን በአምፖሉ መቀመጫ ብረት ላይ አሳረፍኩ። 12.5 ቮልት አለኝ። «መስመሩ ደኅና ነው፤ አምፖሉ ነው» ብዬ አምፖል ቀየርኩ። ያው ነው። ሌላ አምፖል ገዛሁ። ያው ነው።

መናኸሪያው አካባቢ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠሩ አንድ አዛውንት አሉ። ሱቃቸው ከኮንቴይነር የተቆረጠ ነው፤ በቀን ሲሠሩ የሚውሉት ባጃጅና አይሱዙ ነው። መኪናዋን ይዤላቸው ሄድኩና ያደረግኩትን ሁሉ፣ ቁጥሮቹን ጭምር አስረዳኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ከመሳቢያቸው አንድ ነገር አወጡ፦ ከኋላ መብራት የተነቀለ የ21 ዋት አምፖል፣ በቆርቆሮ የተበየዱበት ሁለት ሽቦዎች፣ በሽቦዎቹ ጫፍ ሁለት መቆንጠጫ። ሌላ መሣሪያ አልያዙም። አንዱን መቆንጠጫ በፍሬኑ ሽቦ፣ ሌላውን እኔ ቮልት ባየሁበት በዚያው መቀመጫ ብረት ላይ አደረጉት። ፍሬኑ ሲረገጥ የአምፖሉ ክር ቀላ እንጂ አልበራም። ሁለተኛውን መቆንጠጫ ነቅለው የመኪናው አካል ላይ ቀለም በሌለበት ብሎን ላይ ሲያደርጉት ግን አምፖሉ ዓይን ወጋ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ እዚሁ ላይ 12.5 አይቻለሁ» አልኳቸው።

«አዎ መምህር፣ ታያለህ። ያንተ መሣሪያ ምንም አይጠጣም። የማይጠጣ ሰው ቧንቧው መደፈኑን በምን ያውቃል?»

ያፈርኩት እንደ መምህር ነው። ዲጂታል መልቲሜትር ቮልት ሲለካ የውስጥ ተቃውሞው ብዙውን ጊዜ 10 ሚሊዮን ኦም ነው፤ የሚስበው ጅረት ከአንድ ሚሊዮንኛ አምፔር ትንሽ የሚበልጥ ብቻ ነው። በመንገዱ ላይ 100 ኦም የሚያህል ዝገት ቢኖር እንኳ በዚህች ጅረት የሚጠፋው ቮልት በማሳያው ላይ አይታይም፤ ስለዚህ 12.5 ይላል፤ አልዋሸም፣ ግን አልጠቀመም። የ21 ዋቱ አምፖል ግን በ12 ቮልት 1.75 አምፔር ይፈልጋል። በመንገዱ ላይ 2 ኦም ብቻ ቢቀመጥበት ከ2 ቮልት በላይ እዚያው ይቀርና ብርሃኑ ወዲያው ይደበዝዛል። ይህን ስሌት ለተማሪዎቼ ከአንድም ሦስት ጊዜ በፈተና አውጥቼባቸዋለሁ።

የተበላሸው እንግዲህ ወደ አምፖሉ የሚመጣው መስመር ሳይሆን ከአምፖሉ የሚመለሰው ነበር። በጀርመን መኪና ላይ ቡናማ ሽቦ ግራውንድ፣ ማለትም ጅረቱ በመኪናው አካል በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት ነው፤ ከመብራቱ ወጥቶ በአንዲት ብሎን ከመኪናው አካል ጋር ይታሰራል። የእኔዋን መኪና ከዓመታት በፊት የቀባት ሰው ብሎኗን ሳይፈታ ቀለም አልብሷታል፤ ላቫጆ በሄድን ቁጥር የገባው ውሃ ደግሞ ከሥር አዝጓታል። የፓርኪንግ መብራቶቹ የሚጭሩበት ምስጢርም ይኸው ነው፤ የፍሬኑ ጅረት መመለሻው ሲዘጋበት በዚያው መቀመጫ ላይ ባለው የፓርኪንግ ክር በኩል ወደ ኋላ ገብቶ፣ በሌሎቹ የፓርኪንግ አምፖሎች አልፎ ግራውንድ ፍለጋ ይዞራል። አንዱን መብራት ስታበራ ከማይመለከተው ሌላ መብራት ጋር ከተነካካ፣ አምፖል ከመግዛትህ በፊት ቡናማውን ሽቦ ፈልግ። ብሎኗን ፈታን፣ በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ አሸናት፣ ግሪስ ቀብተን መልሰን አጠበቅናት። አዛውንቱ የተቀበሉኝ ገንዘብ ከገዛኋቸው አምፖሎች ዋጋ ያንሳል።

ከዚያ ቀን በኋላ የራሴን የ21 ዋት አምፖል ሠራሁ። ነገር ግን አዛውንቱና እኔ በሞተሪኖው ላይ አልተስማማንም። እሳቸው በዚያው አምፖል ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ሞተሩ አካል ፈተሹና ደምቆ ሲበራ «ግራውንዱ ደኅና ነው፣ ሞተሪኖው ይፈታ» አሉ። እኔ ደግሞ በራሳቸው ምሳሌ ተከራከርኳቸው፦ አምፖሉ በስኒ የሚጠጣ ከሆነ ሞተሪኖው በባልዲ ነው። ሞተሪኖ ሞተር ሲያዞር ከ100 አምፔር በላይ ይስባል። በመንገዱ ላይ አንድ መቶኛ ኦም ብቻ ቢኖር በ100 አምፔር 1 ቮልት ይበላል፤ ያችው መቶኛ ኦም በአምፖሉ 1.75 አምፔር የምትበላው ግን 0.02 ቮልት እንኳ አይሞላም፣ ማንም ዓይን አይለያትም። ስለዚህ ለሞተሪኖው መስመር ፈታኝ ጭነት ሊሆን የሚችለው ራሱ ሞተሪኖው ነው። መስመሩ ሥራ ላይ እያለ ቮልቱ የት እንደሚቀር መለካት ደግሞ የመልቲሜትሩ ሥራ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢ ውስጥ ከትልቋ ልጄ ጋር ሠራነው። ሞተሩ እንዳይነሣ ወደ ኮይሉ የሚሄደውን ጥቁር ሽቦ ነቀልኩ፤ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጌ የእጅ ፍሬን ያዝኩ። እሷ ቁልፉን ለአምስት አምስት ሰከንድ ታዞራለች፣ እኔ እለካለሁ። ኮምቢ ላይ ባትሪው ከኋላ፣ ከሞተሩ ጎን በስተቀኝ ስለሚቀመጥ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በባትሪው ሁለት ራሶች መካከል 10.7 ቮልት፤ በጭነት ላይ ያለ ባትሪ ይህን ካሳየ ጤነኛ ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ሞተሪኖው ትልቅ ብሎን፣ 0.2 ቮልት፤ ይህም ደኅና ነው። ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ሞተሩ አካል፣ 1.8 ቮልት። ልጄን ድጋሚ እንድታዞር ጠየቅኳት። 1.8።

የቮልስ ሞተርና ካምቢዮ በጎማ ላይ የተቀመጡ ስለሆኑ ከመኪናው አካል ጋር በብረት አይነካኩም፤ የሚያገናኛቸው ከካምቢዮው ወደ አካሉ የሚሄድ የተጎነጎነ የመዳብ ማሰሪያ ነው። መኪናው ሥር ገብቼ ሳየው ከግማሽ በላይ ክሮቹ ተበጥሰዋል፣ የቀሩት አረንጓዴ ዱቄት ለብሰዋል፣ አንደኛው ጫፍ ደግሞ በጭቃና በዘይት ተቀብሯል። ከዚህ የባሰው ሌላ ነበር። ጅረቱ በማሰሪያው ማለፍ ሲያቅተው ሌላ ብረት ይፈልጋል፤ ከሞተሩና ከካምቢዮው ወደ ፊት የሚሄዱት ብረቶች ደግሞ የነዳጅ መስጫውና የፍሪሲዮኑ ገመዶች ናቸው። የፍሪሲዮኑን ገመድ ጫፍ ስነካው ሞቆ ነበር። ለወራት «ነዳጅ መስጫው ከበደኝ» እያልኩ ገመዱን ዘይት ሳጠጣው ኖሬያለሁ፤ ለካስ ገመዱ ውስጥ ለውስጥ እየተጠበሰ ነው። አዲስ ማሰሪያ አስገባሁ፣ ሁለቱንም ጫፎች እስኪያበሩ አጸዳሁ። ያው መለኪያ 0.2 ቮልት አሳየኝ።

ብልሽቱ በሙቀት ጊዜ ብቻ የሚታየው ለምን እንደሆነ የጠየቁኝ ስላሉ እነሆ፦ የመዳብ ተቃውሞ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደ 0.4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከሞተሩ ሥር ያለው ሞተሪኖ ሙቀቱ በ50 ዲግሪ ቢጨምር የመጠምጠሚያዎቹ ተቃውሞ በአንድ አምስተኛ ያድጋል። ቀዝቃዛ ሳለ በጭንቅ ሲያልፍ የነበረው ቮልት ሲሞቅ አይበቃውም። በዚያ ላይ ለሞተሪኖው «ተነሥ» የምትለው ቀጭን ሽቦ፣ ማለትም የመገናኛ ቁጥሯ 50 የሆነው፣ ረጅም ጉዞ አለባት። ባትሪው ከኋላ ነው፣ ቁልፉ ከፊት ነው፣ ሞተሪኖው ተመልሶ ከኋላ ነው፤ ከ4 ሜትር በላይ በሆነ መኪና ውስጥ ደርሶ መልስ ማለት ነው፤ በመንገዱ ያለው እያንዳንዱ መገናኛም የየራሱን ይቀንሳል። በዚያች 50 ቁጥር መገናኛ ላይ 8.9 ቮልት ለካሁ፤ መገናኛዎቹን ሳጸዳ 9.6 ሆነ። ከዚያ ከሞተሪኖው አጠገብ አንድ ሪሌ አስገባሁ። ሪሌ ብልሽት መሸፈኛ ነው የሚሉ አሉ፤ ማሰሪያው ሳይቀየር ቢገባ ኖሮ እኔም ከእነሱ ጋር በሆንኩ።

ስለ ቁጥሮቹ አንድ ነገር ልበል፤ ይህን ቀድሜ ባውቅ ብዙ ጊዜ በቆጠብኩ። ዲን 72552 በሚባለው የጀርመን ደረጃ መሠረት እያንዳንዱ መገናኛ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩም በሪሌው፣ በቁልፉና በዲናሞው ላይ ተቀርጿል። 30 ሁልጊዜ ከባትሪ የሚመጣ ፖዘቲቭ ነው፣ 15 ቁልፍ ሲከፈት የሚመጣው፣ 31 ግራውንድ፣ 50 ሞተሪኖ፣ 61 የቀይዋ መብራት መስመር። ቀለሞቹም ይረዳሉ፦ ቀይ 30፣ ጥቁር 15፣ ቡናማ 31፣ ሰማያዊ 61። የሚረዱት ግን ከእኔ በፊት የነካካው ሰው ካከበራቸው ነው። በእኔዋ ኮምቢ ውስጥ ከቤት ግድግዳ የወጣ የሚመስል፣ ነጠላና ድርቅ ያለ የመዳብ ሽቦ በሦስት ቦታ አግኝቻለሁ። የቤት ሽቦ የማይንቀሳቀስ ግድግዳ ውስጥ ይኖራል፤ መኪና ላይ ግን በንዝረት ይደክምና ከፕላስቲኩ ሳይወጣ ውስጡ ይሰበራል፣ ከውጭ ሲያዩት ደኅና ነው።

በአንድ ሳምንት ባትሪ የሚያልቅበትን ነገር ደግሞ በዚህ መልኩ ያዝኩት። ሁሉንም አጥፍቼ፣ በሮቹን ዘግቼ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቀልኩና መልቲሜትሩን በ10 አምፔር መለኪያው በመሃል አስገባሁ። በዚህ ሁኔታ ቁልፍ ማዞር አይገባም፤ የመልቲሜትሩ ፊውዝ ይሄዳል። ሰዓትም ሬዲዮም የሌላት የ1971 ኮምቢ ዜሮ ማሳየት ነበረባት። 0.33 አምፔር አሳየች። በ24 ሰዓት ሲባዛ በቀን ወደ 8 አምፔር-ሰዓት ይጠጋል፤ 45 አምፔር-ሰዓት ያለው ባትሪ ስድስት ቀን አይሞላም። ሒሳቡ ከደረሰብኝ ጋር ስለገጠመ ሌላ ሌባ እንደሌለ አወቅሁ።

ፊውዞቹን አንድ በአንድ አወጣሁ፤ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። በነገራችን ላይ እነዚህ በሴራሚክ በትር ላይ ቀጭን ብረት የተነጠፈባቸው፣ የጥይት ቅርጽ ያላቸው ፊውዞች ናቸው፤ ነጩ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16። ጫፎቻቸውን የሚይዙት ምላሶች ሲሻግቱ ፊውዙ ሳይቃጠል መብራቱ ይጠፋል፤ በጣት ወዲያ ወዲህ ማሽከርከር ብቻ ብዙ ጊዜ ያድነዋል። ከመካከላቸው አንዱ በሲጋራ ብር ወረቀት ተጠቅልሎ አገኘሁት። ይህን ያደረገው ሰው የዚያን ቀን ቤቱ ገብቷል፤ ሽቦው እንዲቃጠል የተፈረደበት ግን በዚያው ቀን ነው።

ሁሉም ፊውዝ ወጥቶ ጅረቱ ካልቆመ፣ ጅረቱ በፊውዝ ሳጥኑ አያልፍም ማለት ነው። በባትሪው ፖዘቲቭ ራስ ላይ ከዋናው ሽቦ ሌላ አንድ ተጨማሪ ሽቦ ነበር፣ ያው የቤት ሽቦ፣ ፊውዝ የሌለው። ተከትዬው ሄድኩ፤ ወደ ሁለተኛው ባትሪ ሪሌ ወሰደኝ። የዚህ ሪሌ ሥራ ዲናሞው ኃይል ሲሰጥ ብቻ ሁለቱን ባትሪዎች ማገናኘት፣ ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ መለያየት ነው፤ በካምፕ ሌሊቱን ሙሉ መብራት ብታበራ ጠዋት ሞተር የሚያስነሣው ባትሪ እንዳይነካ። ክዳኑን ስከፍተው ሁለቱ ምላሶች ቀልጠው አንድ ሆነዋል። ባትሪዎቹ ለወራት ቀንና ሌሊት እንደ ተጋቡ ኖረዋል።

ይህ ግን ሁለተኛው ባትሪ በምን እንደሚያልቅ አይመልስም። ፓምፑ ጠፍቷል፣ የጣሪያ መብራቶቹም ጠፍተዋል። በዚህ መሃል ትንሿ ልጄ ያለችኝ ትዝ አለኝ። ላንጋኖ ያደርን ጊዜ «አባዬ፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ አይመሽም» ብላኝ፣ የሕፃን ወሬ ነው ብዬ ስቄ አልፌያለሁ። የቁም ሳጥኑን በር ጥቂት ከፍቼ በስንጥቁ አየሁ። ውስጡ አንዲት የ4 ዋት አምፖል ትበራለች። በሩ ሲዘጋ የሚጫናት ትንሽ ማጥፊያ ተሰብራለች፤ አምፖሏም ብርድ ልብሶቻችንን ስታሞቅ ከርማለች። 4 ዋት ለ12 ቮልት ሲካፈል 0.33 አምፔር ነው። ሕፃኗ ከመልቲሜትሩ ቀድማ ነግራኝ ነበር።

ማጥፊያዋንና ሪሌውን ቀየርኩ። ፊውዝ አልባውን ሽቦ ግን በዝምታ ማለፍ አልፈልግም፤ በዚህ ጽሑፍ ካሉት ብልሽቶች ሁሉ አስፈሪው እሱ ነው፣ ምንም ምልክት ሳያሳይ ስለኖረ። ከባትሪ ወጥቶ ያለ ፊውዝ በላሜራ ቀዳዳ የሚያልፍ ሽቦ ፕላስቲኩ አንድ ቀን ሲፋቅ የባትሪውን ሙሉ ኃይል በራሱ ላይ ያፈሳል። በኮምቢ ላይ የነዳጅ ታንከሩ ከሞተሩ ክፍል አንድ ላሜራ ብቻ ይለየዋል፤ የሞተሩ ብሎክ ደግሞ ማግኒዥየም ያለበት ስለሆነ አንዴ ከተያያዘ ውሃ ይብስበታል እንጂ አያጠፋውም። አሁን ሽቦው በሁለቱም ባትሪዎች አጠገብ፣ ከባትሪው ራስ አንድ ጋት በማይርቅ ቦታ፣ ፊውዝ አለው። ቀዳዳዎቹም ጎማ ገብቶላቸዋል። ለሥራም ሲነሡ መጀመሪያ የሚነቀለው፣ ሲጨርሱም መጨረሻ የሚታሰረው ኔጌቲቩ ነው፤ ፖዘቲቩን ሲፈቱ መፍቻው ላሜራ ቢነካ ብልጭታ እንዳይኖር።

የቀረችው ቀይዋ መብራት ናት። እሷን ለመጨረሻ ያቆየኋት ሁሉም ሰው ዲናሞውን ስለከሰሰ ነው። ቀይዋ መብራት አንድ ጫፏ በቁልፉ በኩል ከ15 ጋር፣ ሌላው ጫፏ በሰማያዊው ሽቦ ከዲናሞው ጋር ነው። ዲናሞው ሳይሠራ በእሱ በኩል ግራውንድ ታገኝና ትበራለች፤ ዲናሞው ሲሠራ በሁለቱም ጫፏ እኩል ቮልት ስለሚመጣ የምትበራበት ልዩነት አይኖርም። ቦግ ብላ ከበራች ዲናሞው አልሠራም ማለት ነው። ፈዘዝ ካለች ግን በሁለቱ ጫፎች መካከል ትንሽ ልዩነት አለ ማለት ብቻ ነው፤ ልዩነቱ ዲናሞው ስላነሰ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ዲናሞው እየሠራ ኃይሉ 15 ጋ ሳይደርስ በመንገድ ስለቀረ። ሁለቱን ለመለየት ሞተሩን አስነሥቼ፣ ፍጥነቱን ከፍ አድርጌ፣ የፊት መብራት አብርቼ ለካሁ። ዲናሞው 14.1፣ ባትሪው 13.8። ሁለቱም ንጹሕ። ከሬጉላተሩ እስከ 15 ቁጥር መስመር ፊውዝ ድረስ ግን 2.2 ቮልት ጠፍቷል። የፊት መብራት ሲጠፋ 0.6 ብቻ። ሁለቱ የፊት አምፖሎች በ45 ዋት ሲሰሉ ብቻቸውን 7.5 አምፔር ይፈልጋሉ፤ ጭነቱ ሲጨምር በመገናኛው የሚቀረው ቮልትም አብሮ ይጨምራል። በሻሸመኔ መንገድ መብራት ሳበራ የጫረችው፣ ሳጠፋ የጠፋችው ለዚህ ነበር።

ዳሽቦርዱ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ወፍራሙን ቀይ ሽቦ በመዳፌ እየዳሰስኩ ሄድኩ። አንድ መገናኛ ላይ እጄን ቶሎ ሳብኩ። ነጭ የነበረው ፕላስቲክ እንደ ተቆላ ቡና ጠቁሯል፤ ምላሱ ላልቶ በሽቦው ላይ ይንቀሳቀሳል። ቆርጬ አዲስ ምላስ በፒንሳ አጥብቄ አሰርኩበት። 2.2 የነበረው 0.3 ሆነ። ቀይዋ መብራት ከዚያ ወዲህ በመንገድ ላይ አልጫረችም። ከባጃጅ ኋላ ስንፏቀቅ፣ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ይህ ግን የድሮ ዲናሞ ጠባይ ነው፣ በዝቅተኛ ዙር በቂ አያመነጭም። ስለዚህ ማታ ማታ ከተማ ውስጥ ብቻ የምትነዳ ኮምቢ፣ ሁሉም ነገሯ ደኅና ሆኖም ባትሪዋ ሊደክም ይችላል፤ አልፎ አልፎ እስከ ሻሸመኔ አውጥቶ ማናፈስ ያስፈልጋል።

ጋራዡ የገጠመው አዲስ ሬጉላተር አሁን በካርቶን ውስጥ አለኝ፤ አሮጌው መልሶ ተገጥሞ እየሠራ ነው። ዲናሞው የራሱ ነው፣ ሞተሪኖውም አልተፈታም። አዛውንቱ ይህን ስነግራቸው አምፖላቸውን አገላብጠው አይተው «እንግዲህ ለሞተሪኖ መሣሪያህን ይዘህ ና» አሉኝ፤ ባለፈው ሳምንትም ለአንድ አይሱዙ አስጠርተውኝ ለካሁላቸው።

አሁን የቀረኝ ክላክሱ ነው። ገብርኤል አደባባይ ላይ መሪውን ወደ ግራ ስጠመዝዝ ማንም ሳይነካው ይጮኻል፤ ባጃጆቹም ደንግጠው መንገድ ይለቁልኛል። የክላክስ ቁልፍ ሥራው ቡናማውን ሽቦ ከግራውንድ ማገናኘት ብቻ ስለሆነ፣ ያ ሽቦ በመሪው ዘንግ ውስጥ ተፍቆ በመዞሪያው ላይ ብረት እየነካ መሆን አለበት። ቅዳሜ መሪውን እፈታለሁ። ባለቤቴ ግን አደባባዩን ለማለፍ ስለሚጠቅም ይቆይ ባይ ናት።